ልጅ የማን ገንዘብ ነው?

ባልና ሚስት ሲለያዩ የሚካፈሉት ብዙ ነው። ቤቱ ተሸጦ ዋጋው ለሁለት ይከፈላል፤ ከብቱ ተቆጥሮ፥ እህሉ ተሰፍሮ፥ የቤቱም ዕቃ እየተለየ ለየባለቤቱ ይሰጣል። አንድ ምንጣፍ እንኳ ቢያጣላ በመካከል የገቡት ሽማግሌዎች ዋጋ ይገምቱለትና አንዱ ምንጣፉን፥ አንዱ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን የበሩን መቃን ተደግፎ ሲካፈሉ የሚያይ አንድ ትንሽ ሰው ይቀራል። እርሱ አይሰፈርም፤ አይሸጥም፤ ለሁለትም አይከፈልም። አባት «ልጄ ነው» ይላል፤ እናትም «ልጄ ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ዳኛው በቀለለው ነበር።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ከእናንተ ብዙዎቹ ገና ትዳር ያልያዛችሁ ስለ ሆናችሁ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሰው በተቆጣ ጊዜ አዲስ ሐሳብ አያገኝም፤ ሳይቆጣ ያጠራቀመውን ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ስለ መለያየት ማሰብ የሚገባው በፍቅር ጊዜ ነው። ደግሞም ከመካከላችሁ ነገሩን በገዛ ራሱ ያየ አይጠፋም። ለእንደዚህ ያለው አንባቢ የማስተምረው የለኝም፤ እርሱ ግን ያነበበውን ከደረሰበት ጋር እያስተያየ ይፍረደኝ።

ስለ ልጅ ክርክር በተነሣ ቁጥር በሽማግሌዎቻችን አፍ ፈጥኖ የሚመጣው የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 3 የተጻፈ ስለ ሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ወለዱ፤ አንደኛዋ ሌሊት ተኝታበት ልጅዋ ሞተ፤ የሞተውን በሕያው ለወጠች። ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕያውን ልጅ ለሁለት እንዲከፍሉት ባዘዘ ጊዜ እውነተኛዪቱ እናት አንጀቷ ተላወሰና «ለእርሷ ይሰጣት እንጂ አይሙት» አለች። በዚህ ታወቀችና ልጇን ወሰደች።

እኔም በሽምግልና ሸንጎ ተቀምጬ ይህ ታሪክ በተከራካሪዎች ላይ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «የሚወድ ይለቃል» ይባላል። አባባሉ ያማረ ቢሆንም ያለ ቦታው ነው የሚገባው። ሰሎሞን ሰይፉን ያስመጣው ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ ስለ ዋሸች ነው፤ ሰይፉ እውነተኛዪቱን ከሐሰተኛዪቱ መለያ ነበር። በተለያዩ ባልና ሚስት መካከል ግን ሐሰተኛ ወላጅ የለም። ታዲያ ሰይፉን ብናነሣ ምን እናውቃለን? ከሁለቱ ይልቅ አንጀቱ የሚላወሰውን፥ ወይም ቀድሞ የደከመውን እናውቅ ይሆናል። ከዚያም የባሰ አለ። ንጉሡ ልጁን የሰጠው ለለቀቀችው ነው፤ እኛ ግን ባየሁት ሁሉ የሰጠነው ላልለቀቀው ነው። የልጁን ልቅሶ መስማት ያቃተው ወገን እጁን ሲያላላ፥ ያላላውን «በገዛ ፈቃዱ ተወ» ብለን በወረቀት አሰፈርንበት። እንግዲህ ነገሩን ገልብጠን «ለለቀቀ ይሰጥ» ብንል ደግሞ በማግሥቱ ሰው ሁሉ በአፉ መልቀቅን ተምሮ ይመጣል። ሰሎሞን ያንን ብልሃት ሁለተኛ ጊዜ ሊሠራበት የሚችል አይመስለኝም።

ከዚህ የምረዳው «ልጁ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ገንዘብ» የሚለውን ቃል ለብርና ለወርቅ ብቻ ሳይሆን ሰው የራሱ ለሚያደርገው ነገር ሁሉ ይናገሩበት ነበር። በዚህ ቃል ብንጠይቅ ልጅ የአባቱ ገንዘብ ነውን? የእናቱስ? መልሱ በጠያቂው ፊት ቶሎ ይገለጣል። ሰው በገንዘቡ የወደደውን ያደርጋል፤ ይሸጠዋል፥ ይለውጠዋል፥ ሲሰለቸው ይጥለዋል። በልጅ ላይ ግን ይህን ሁሉ የሚፈቅድ ሕሊና የለም። ስለዚህ «የእኔ ነው» ብንልም እንደ ቤታችን የእኛ አይደለም።

ሕጋችን የመረጣቸው ቃላት ከዚህ ይልቅ ብዙ ያስተምራሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ፥ ማለት 18 ዓመት ያልሞላው፥ ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለው። ሰውነቱን፥ አኗኗሩንና ትምህርቱን የሚጠብቅለት «አሳዳሪ» ይባላል፤ ንብረቱን የሚያስተዳድርለትና በሕግ ፊት ስለ እርሱ የሚቆምለት «ሞግዚት» ይባላል። በጋብቻ ሳሉ አባትና እናት ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ይሠራሉ። በተራ ንግግር ሞግዚት የምንለው ሕፃን የምትይዘውን ሠራተኛ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ «ሞግዚት ነህ» ሲባል ግር ይለዋል። ነገር ግን ቃሉ ከዚህ ከፍ ላለም ነገር አገልግሏል፤ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ በተባሉ ጊዜ በዕድሜ ትንሽ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ተሾሙ። ሞግዚት የራሱ ያልሆነውን መንግሥት ይጠብቃል፤ ባለቤቱ እስኪያድግ ድረስ። «አሳዳሪ»ም የሚለው «አደረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ልጁ በእርሱ ዘንድ የሚያድርበት ሰው ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት ስለ ጠባቂ እንጂ ስለ ባለቤት አይናገሩም። ሰው ያስጠበቁትን አደራ የበላ እንደ ሆነ በአገራችን የሚሰጠው ስም ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ አደራ በላ ከሚለው ስድብ የሚከፋ ብዙ የለም።

አንድ አባት ይህን ሰምቶ እንዲህ ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፤ «እኔ ለመጠበቅ የተቀጠርሁ ዘበኛ አይደለሁም። ከአብራኬ የወጣ ልጄ ነው። ግዴታ ብቻ አትቁጠርብኝ፤ መብትም አለኝ»። ይህ አባት እውነቱን ነው፤ ነገሩን እንደ ቀላል የሚያልፉ ጸሐፊዎችን አልወድም። ልጁን የተነጠቀ ወላጅ ደመወዙ እንደ ተቋረጠበት ሞግዚት አይደለም፤ ከሕይወቱ አንድ ክፍል ተቆርጦበታል። ስለዚህ መብት አለው። ጥያቄው ግን መብቱ በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በጎረቤት ላይ መብት አለው፤ በዘመድም ላይ፥ በመንግሥትም ላይ መብት አለው፤ ማንም ተነሥቶ «ከአንተ ይልቅ እኔ አሳምሬ አሳድግልሃለሁ» ብሎ ልጁን ሊወስድበት አይገባም። መብቱ እንደ ግቢ አጥር ወደ ውጭ የሚመለከት ነው። በልጁ ላይ ሲዞር ግን መብት መሆኑ ይቀራል። አጥሩ ልጁን ከሚያየው ሰው ሁሉ፥ ከእናቱም ጭምር ለመከልከል ከዋለ፥ ያ አጥር ሳይሆን እስር ቤት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሐሳብ በሚገባ ተረድቶት ነበር። በቁጥር 681 ጋብቻ ሲፈርስ ስለ ልጆች የሚወሰነው ጥቅማቸውን ብቻ በመመልከት እንዲሆን አዘዘ። ቀጥሎም ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች እስከ 5 ዓመት ዕድሜያቸው በእናታቸው ዘንድ እንዲቆዩ ደነገገ። ፍርዱንም የሚሰጡት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የአምስቱ ዓመት ደንብ ቀረ፤ ፍቺውንም የሚወስነው ፍርድ ቤት ሆነ። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በማግሥቱ ጧት ምን ይለወጣል? ምንም አይለወጥም፤ ያው ልጅ ነው፤ ያችኑ እናቱን ይጠራል። ከዚህ አንጻር የቀድሞው ደንብ ዕውር ነበር። ነገር ግን ዕውር ደንብ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው አይከራከረውም። የሁለት ዓመት ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ሲለያዩ ነገሩ ታውቆ ያደረ ስለ ነበረ በእርሱ ላይ ጠበቃ መግዛት አያስፈልግም ነበር። የአሁኑ ሕግ ዓይን አለው፤ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያያል፤ ስለዚህም ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። ዓይን ባለው ሕግ ፊት ግን እያንዳንዱ ወገን ዳኛው እንዲያየው የሚፈልገውን ሊያሳይ ይሮጣል፤ የሌላውንም ነውር ያወጣል። የባልዋን ስካር፥ የሚስቱን ሐሜት፥ አሥር ዓመት የተሸፈነውን የቤት ገመና ሁሉ ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ ልጁም ሲያድግ ያንን መዝገብ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እኔ ከሁለቱ አዲሱን እመርጣለሁ፤ ዋጋውን ግን አልደብቅም።

አዲሱ ሕግ በቁጥር 113 ዳኛው የሚመለከታቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የባልና የሚስቱን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፥ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይጠቅሳል። በዝርዝሩ ላይ ገቢ ፊተኛ መጠራቱ ትርጉም የለው ይሆናል፤ አንደኛ መጠራት ያለበት ነገር ሁልጊዜ አንደኛ አይጻፍምና። በክርክር ላይ ግን ሰዎች «እኔ የተሻለ ደመወዝ አለኝ፤ በጥሩ ትምህርት ቤት አስተምረዋለሁ» እያሉ ገቢያቸውን እንደ ጋሻ ሲያነሡ ይታያል። ይህ ክርክር ጆሮን ይስባል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ገንዘብ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ሕጉም ቀለብ የሚቆርጠው ለዚሁ ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ አባት በአንድ ሰፈር ሆኖ ሊከፍል፥ ልጁም በሌላ ሰፈር ከእናቱ ጋር ሊያድር ይችላል። ሌሊት ሲያተኩሰው ግንባሩን የሚዳስሰው እጅ ግን በባንክ አይላክም። ስለዚህ ባለጠጋው ወላጅ ሀብቱን ሲጠቅስ ዳኛው «እንኳን ደስ ያለህ፤ ቀለቡን በዚያው ልክ እንቆርጥብሃለን» ብሎ ወደ ሌላው ጥያቄ ቢያልፍ መልካም ነበር። ቀለብ ተቆርጦም ልጁ የሚራብ ከሆነ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ስል የእናት ጠበቃ ነኝ አትበሉኝ። የሴት ልጁን ጠጉር ራሱ ሲያበጥር፥ ምሳ ዕቃዋን ሲያሰናዳ የማውቀው አባት አለ፤ የእርሱን እጅ ከማንም እናት እጅ አሳንሼ አላይም።

ወልዶ ባላሳደገና ሳይወልድ ባሳደገ መካከል የሚነሣው ክርክርም ከዚሁ የሚመደብ ነው። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እንደዚህ ያለ ነገር ቀርቦለት ነበር። ልጁ እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ሳይሆን አክስቱ ለብዙ ዓመት አሳድጋዋለች። ኋላ አባት «አሳዳሪውና ሞግዚቱ እኔ ነኝ» ብሎ ጠየቀ። ሕጉም ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ወላጅ ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ስለሚል የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን በ1987 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ን፥ ኢትዮጵያም የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3ን ጠቅሶ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የልጁ ደኅንነት ነው በማለት ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲኖር ወሰነ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ነገሩ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም።

ይህ ፍርድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጡት ልጅን፥ ጉዲፈቻን የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ በመውለድ ብቻ እንደማይገኝ ከሕግ መጻሕፍት በፊት ያውቅ ነበር። ነገር ግን አጥብቀን ስንይዘው አንድ አደጋ አለበት። ዛሬ ብዙ እናቶች ለሥራ ወደ ቤይሩት፥ ወደ ጅዳ፥ ወደ ዱባይ ሄደው ልጆቻቸው ከአያት ዘንድ ያድጋሉ። «ያሳደገ ይውሰድ» ብለን በደፈናው ብንፈርድ ስለ ልጇ ስትል ከልጇ የተለየችውን እናት ትታው ከሄደችው ጋር አንድ እናደርጋታለን። አንዷ እየላከች፥ በስልክ ድምፁን እየሰማች፥ የምትመለስበትን ቀን እየቆጠረች ርቃለች፤ ሌላዋ ረስታዋለች። ሁለቱም ከቤት አልነበሩም። ዳኛው የሚለያቸው እንዴት ነው? እኔ የማውቀው መለያ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ ስለ እርሷ ሲናገር ማድመጥ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው በየቤቱ የሚሠራ ነውር ነው። ልጁ ከአንዱ ወገን ጋር እንዲያድር፥ ሌላው ቀለብ እንዲሰጥና በተወሰነ ቀን እንዲጠይቀው ተፈረደ እንበል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ «ቀለቡን ካላመጣህ አታየውም» የሚል ቃል ይሰማል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ «ካላሳየሽኝ አንዲት ሳንቲም አልሰጥም» ይባላል። እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ትክክል አድርገው ያያሉ፤ ገበያ ላይ ያሉ ይመስላቸዋል፤ ዋጋ ያልከፈለ ዕቃውን አይወስድም፥ ዕቃውን ያላየ ዋጋ አይከፍልም ይባባላሉ። ስሕተቱ ባለ ዕዳውንና ባለ ገንዘቡን አለማወቅ ነው። ቀለብ አባት ለእናት ያለበት ዕዳ አይደለም፤ ለልጁ ያለበት ዕዳ ነው። አባቱን ማየትም እናት ለአባት የምትውለው ውለታ አይደለም፤ ልጁ አባቱን የማወቅ መብት አለውና የእርሱ ገንዘብ ነው። አባት ቀለብ ቢከለክል ልጁን አስርቧል፤ እናት በዚህ ተቆጥታ ልጁን ብትደብቅ ያንኑ የተራበውን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አስርባዋለች። ሁለቱም የተበቀሉት እርስ በርሳቸው መስሏቸዋል።

ልጁን ሰላይ ማድረግም አለ፤ «አባትህ ቤት ማን ነበረ? ምን ለብሳ ነበር?» ማለት። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ያደረገው ያውቀዋል።

አሁን የቀረው ልጁን ራሱን የመጠየቅ ነገር ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ ስለ ራሱ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲናገርና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ መጠን እንዲታይለት ይላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅን መስማትና ልጅን ማስመረጥ በሩቅ የተለያዩ ናቸው። የት እንደሚተኛ፥ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፥ ሌሊት ሲደነግጥ ማንን እንደሚጠራ ቢጠይቁት ይናገራል፤ ዳኛውም ከተናገረው የሚበጀውን ያወጣል። «ከእናትህና ከአባትህ ማንን ትመርጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሁለት ዐዋቂዎች ሊሸከሙት ያልቻሉትን ፍርድ በሕፃን ራስ ላይ መጫን ነው። ከመረጠ የጣለውን ወላጅ ፊት ዕድሜውን ሁሉ ያየዋል፤ ካልመረጠ «አልገባውም» ይባላል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ቀን የሠራነው ሥራ ነው። ባልና ሚስት ሊለያዩ ተስማምተው፥ ንብረታቸውን ተካፍለው፥ ልጁ ላይ ሲደርሱ አልሆን አላቸውና አራት ሰዎች ሆነን ለሽምግልና ተቀመጥን። ልጁ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ነበር። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጠሩትና በመካከላችን አቆሙት። «ና እስቲ የኔ ልጅ፤ አትፍራ። መኖር የምትወደው ከእናትህ ዘንድ ነው ከአባትህ?» አሉት። እናቱ በቀኝ፥ አባቱ በግራ ተቀምጠዋል። ልጁ ወደ አንዳቸውም አላየም። እግሮቹን ገጥሞ፥ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፥ ወደ ሽማግሌው ቀና ብሎ «እናንተ እንዳላችሁ» አለ።

እኛም ተያየንና «ጨዋ ልጅ ነው፤ ተባረክ» አልነው። አንዱማ አስተዳደጉን አመስግኖ ወላጆቹን እጅ ነሣ። ከእናቱ ጋር እንዲኖር፥ አባቱም ቅዳሜና እሑድ እንዲወስደው ወሰንን፤ ሁለቱም ፈረሙ። ውሳኔው መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ የምወስን አይመስለኝም። ግን ያን ጊዜ ጨዋነት ብለን የመረቅነው ነገር ምን እንደ ነበረ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ልጁ አሁን ሰው ሆኗል፤ ሥራ ይዟል። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ አንድ ገበታ ላይ ገጠምን። አስተናጋጁ መጥቶ ጠጅ ይሻል እንደ ሆነ ጠላ ጠየቀው። ጐልማሳው ወደ እኔና በገበታው ዙሪያ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ቀና ብሎ ቃኘና «እናንተ እንዳላችሁ» አለ።